ሙኒክ ላይ ያገኘሁት ግማሽ ተረት

ከሙኒክ ወደ ደቡብ የሚሄደው 25 ቁጥር ትራም ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ቤቶቹን ትቶ ጫካ ውስጥ ይገባል። ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች እንጦጦን በባቡር እንደ መውጣት ያለ ነገር ነው። “ባቫሪያፊልምፕላትስ” የሚባለው ፌርማታ ላይ ወርዳችሁ ጥቂት በእግር ብትሄዱ የፊልም ከተማውን ታገኛላችሁ። ሰፈሩ ጋይዝልጋስታይግ ይባላል፤ ከ1919 ጀምሮ ፊልም ሲሠራበት የኖረ ቦታ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ልጄን ለመጠየቅ ሙኒክ ስሄድ ይህ ሦስተኛዬ ነው። የዘንድሮውን ጉዞ በጉጉት የጠበቅሁት ግን ዘጠኝ ዓመት ከሞላው የልጅ ልጄ ጋር ይህንን ቦታ ለማየት ነበር።

በግቢው ውስጥ ብዙ የሚታይ አለ። በ1981 ለወጣው “ዳስ ቦት” ለተባለው የጦርነት ፊልም የተሠራው የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ውስጡን በእግር ይጎበኛል። እጅግ ጠባብ ነው፤ ሰዎች በዚያ ውስጥ ተጣብበው ሲኖሩ ማሰቡ ብቻ ትንፋሽ ያሳጥራል። ልጆች የሚቸኩሉት ግን ወደ ፉኹር ነው። ፉኹር ነጭና ረጅም ዘንዶ ነው፤ ፊቱ ውሻ ይመስላል። ልጆቹ አንገቱ ላይ ይቀመጣሉ፣ ካሜራ ይቀርጻቸዋል፣ በስክሪኑ ላይ ደግሞ በሰማይ ላይ ሲበሩ ይታያሉ። የልጅ ልጄም ተራው ደርሶ ወጣ፤ ከወረደ በኋላም እስኪያልበው ሳቀ። ያን ጊዜ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ይህ ዘንዶ የመጣው ሚካኤል ኤንደ የተባለው ጀርመናዊ ደራሲ በ1979 ካሳተመው “ማለቂያ የሌለው ታሪክ” ከተሰኘው ልቦለድ ነው። መጽሐፉን ያወቅሁት በአንድ የክፍለ ሀገር ሆስፒታል ሕፃናት ክፍል ነርስ ሆኜ ስሠራ ነው። አንዲት የውጭ አገር ሐኪም አገሯ ስትመለስ የእንግሊዝኛውን ትርጉም ትታልኝ ሄደች። የሌሊት ተረኛ በሆንሁ ቁጥር ጥቂት ጥቂቱን በአማርኛ እያደረግሁ ለልጆቹ እነግራቸው ነበር። የጭን አጥንታቸው ተሰብሮ ክብደት ተንጠልጥሎላቸው ለሳምንታት የሚተኙ፣ ቃጠሎ ደርሶባቸው እንቅልፍ የሚነሳቸው ልጆች ነበሩ። “ተረት ተረት” ስል “የላም በረት” የሚለው ድምፅ ከየአልጋው ይመጣል። መጀመሪያ ላይ ዘንዶው አስቸግሮኝ ነበር። እኛ አገር ዘንዶ ሲባል ትዝ የሚለን ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የሚወጋው ነውና፣ “ይኼኛው የዕድል ዘንዶ ነው፤ ሰው አይበላም” ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ባስቲያን የሚባል ልጅ አለ። ወፍራም ነው፣ ፈሪ ነው፣ የክፍል ልጆች ያሳድዱታል። እናቱ ሞታለች። አባቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከልጁ ጋር በአንድ ቤት እየኖረ ዝም ብሏል። ልጁ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ሱቅ መጽሐፍ ሰርቆ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሥር ባለው ዕቃ ቤት ተደብቆ ያነባል። በመጽሐፉ ውስጥ ፋንታሲያ የምትባል አገር በባዶነት እየተበላች ነው። አትሬዩ የሚባል ልጅ በዘንዶው እየታገዘ መድኃኒት ይፈልጋል። መድኃኒቱም የታመመችው ሕፃኒቱ ንግሥት ከሰው ልጅ አዲስ ስም ማግኘቷ ነው። ባስቲያን ስሙን ጮሆ ይጠራል፤ አገሪቱም ትድናለች።

ይህ የታሪኩ ግማሽ ነው። ከዚያ በኋላ ባስቲያን ራሱ ፋንታሲያ ውስጥ ይገባል። የተመኘው ሁሉ ይሆንለታል፤ ቆንጆ፣ ብርቱ፣ ጀግና ይሆናል። ነገር ግን እያንዳንዱ ምኞት አንድ ትዝታ ይዞበት ይሄዳል። ቆንጆ ሲሆን ወፍራም እንደነበር ይረሳል፤ ዋጋ እየከፈለ መሆኑም አይታወቀውም። ትዝታቸውን ጨርሰው መመለሻ ያጡ ሰዎች የሚኖሩባትን ከተማ ያያል። በመጨረሻ እናትና አባቱን፣ ቀጥሎም የገዛ ስሙን ይረሳል። የተረሱ ሕልሞች ሥዕል ሆነው በተቀበሩበት ጉድጓድ በጨለማ ሲቆፍር አንድ ሥዕል ያገኛል፦ ነጭ ጋውን የለበሰ፣ በእጁ የጥርስ ቅርጽ የያዘ፣ በበረዶ ውስጥ የታሰረ ሰው። ማን እንደሆነ አያውቀውም፤ ግን ይናፍቀዋል። በዚያ ናፍቆት ተመርቶ የሕይወት ውሃ ካለበት ይደርሳል፣ ቤቱም ይገባል። አባቱ ሌሊቱን ሁሉ ሲፈልገው አድሯል። ልጁ የሆነውን ሁሉ ሲነግረው አባት ያለቅሳል፤ ያ የበረዶ ዝምታም ይሟሟል።

ሆስፒታል ውስጥ ልጆቹ ስለ ዘንዶው የሚጠይቁኝ መጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሌሊቶች ነበር። ከዚያ በኋላ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ “ሲስተር፣ ቤቱ ገባ?” አባቱ ለእርሻ ወደ አገሩ የተመለሰበት አንድ ልጅ ነበረ፤ “አባቱ ይፈልገዋል?” እያለ ታሪኩ እዚያ ሳይደርስ ደጋግሞ ጠይቆኛል። የታመመ ልጅ ጀግንነት የሚያምረው ለጥቂት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ቤቱን ነው። ስለዚህ ለእኔ የመጽሐፉ ልብ ያለው ሁለተኛው ግማሽ ላይ ነው።

ፊልሙን ግን እስከዚህ ጉዞ ድረስ አላየሁትም ነበር። ከፊልም ከተማው በተመለስንበት ምሽት ከልጅ ልጄ ጋር ሶፋው ላይ ተቀምጠን አየነው። ዳይሬክተሩ ቮልፍጋንግ ፒተርሰን ነው፤ ፊልሙ በ1984 ሲወጣ ጀርመን ውስጥ ከተሠሩት ሁሉ ብዙ ገንዘብ የወጣበት ነበር። የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም። የአትሬዩ ፈረስ በሐዘን ረግረግ ውስጥ ሲሰጥም የሚታየው ክፍል ጥሩ ተሠርቷል። ሐዘን ሰውን ከታች ይዞ ሲጎትት፣ የሚወደው ሰው ከዳር ሆኖ ቢለምነውም አልነሳ ሲል በሥራዬ አይቻለሁ፤ ያንን በፈረስ ማሳየት ቀላል አይደለም። የልጅ ልጄም እጄን ያዘ።

ያሳዘነኝ ሌላው ነው። ወፍራሙ ልጅ ቀጭንና መልከ መልካም ሆኗል። ይሁን፣ ይህንንስ ልለፈው። ከ26ቱ ምዕራፎች ግማሽ ያህሉ ሲደርስ ግን ፊልሙ ያልቃል። ባስቲያን ንግሥቲቱን ያድናል፣ ዘንዶው ላይ ይወጣል፣ ወደ ገዛ ከተማው በርሮ የሚያስቸግሩትን ልጆች ያባርራል። በቃ። ከ400 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ እንደማይገባ ይገባኛል። የቀረው ግን ትርፍ ነገር አይደለም፤ የታሪኩን ትርጉም የሚገለብጥ ነው። መጽሐፉ “ምኞት ዋጋ አለው፣ መመለሻህን እንዳትረሳ” ይላል። ፊልሙ “ተመኝ፣ ይሰጥሃል፣ ጠላትህንም ታባርራለህ” ብሎ ልጁን ወደ መኝታ ይሰደዋል። በ1990 የወጣው ሁለተኛው ፊልም የትዝታውን ነገር ነካ ቢያደርገውም መጀመሪያ የተቆረጠውን አልጠገነውም።

ይህንን እኔ አልነበርኩም ቀድሜ የተናገርሁት። ስክሪኑ ላይ ጽሑፉ መውረድ ሲጀምር የልጅ ልጄ ዞር ብሎ “እማማ፣ አባቱስ?” አለኝ። እውነቱን ነው። መጀመሪያ ላይ ቁርስ ሲያዘጋጅ የታየው አባት ተመልሶ አልመጣም። ልጁ ሌሊት ቤቱ አልገባም፤ የፈለገው ሰው ግን በፊልሙ ውስጥ የለም።

ደራሲው ራሱም ከማናችንም በላይ ተቆጥቶ ነበር። ኤንደ ፊልሙ መጽሐፉን አይመስልም ብሎ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ አልተፈረደለትም። የቀረለት ነገር ስሙ ከፊልሙ መግቢያ እንዲነሳለት ማድረግ ብቻ ነበር። ስለ ስም ይህን ያህል የጻፈ ሰው የገዛ ስሙን እንዲያወጡለት መለመኑ ያሳዝናል።

በማግሥቱ በከተማው ምዕራብ በኩል ወዳለው ብሉተንቡርግ ሄድን። በባቡር ኦበርመንሲንግ ወርዶ ጥቂት በእግር ነው። በውሃ የተከበበ፣ ነጭ፣ ትንሽ የመሳፍንት ግንብ ነው፤ ዳክዬዎች ይዋኙበታል። ከ1983 ጀምሮ ግንቡ ውስጥ ያለው ዓለም አቀፍ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት ነው። ያቋቋመችው ዬላ ሌፕማን የምትባል አይሁዳዊት ጀርመናዊት ናት። ከናዚዎች ሸሽታ እንግሊዝ ከኖረች በኋላ ጦርነቱ ሲያበቃ ተመልሳ፣ በ1949 ለልጆች የመጽሐፍ ቤት ከፈተች። ዛሬ ከ200 በሚበልጡ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት አሉበት። እዚያው የሚካኤል ኤንደ ሙዚየም አለ፤ ደብዳቤዎቹ፣ ፎቶግራፎቹና የግል መጽሐፎቹ ተቀምጠዋል። የሚበር ዘንዶ የለም፣ ወረፋም የለም። የልጅ ልጄ ግን ከፊልም ከተማው ይልቅ እዚህ ብዙ ቆየ። ባለ ሁለት ቀለሙን መጽሐፍ እያገላበጠ የትኛው ቀለም የእኛ ዓለም፣ የትኛው የፋንታሲያ እንደሆነ ሲለይ ዋለ።

ስለዚያ ሁለተኛ ግማሽ ይህን ያህል የማወራው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህ ልጅ ጀርመን ሲገባ አራት ዓመቱ ነበር፣ አማርኛው እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ዛሬ ጀርመንኛው ሙሉ ነው፣ በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነው፣ ጓደኞች አሉት፤ ወላጆቹ የተመኙለት ሁሉ ሆኗል። አማርኛው ግን አንድ አንድ ቃል እያለ ሄዷል። “እርስዎ” ከጠፋ ቆይቷል፤ “አንቺ” ተብያለሁ፣ አንዳንዴም “አንተ” እባላለሁ። ማንም አላጠፋም። ምኞቱም መልካም ነው። ዋጋ እንዳለው የሚያሳውቅ ሰው ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ስለዚህ በቀሩኝ ሳምንታት አንድ ነገር አደረግን። እርሱ ማታ ማታ አንድ ምዕራፍ በጀርመንኛ ያነባል፤ ከዚያ በአማርኛ ይነግረኛል። ቃል ሲጠፋበት እኔ አቀብለዋለሁ። አባቱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚገባው ልጁ ከተኛ በኋላ ነው። የበረዶው ሰው ያለበትን ምዕራፍ ባነበብንበት ማታ ቀደም ብሎ ገብቶ ነበር፤ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ በሩ ላይ ቆሞ እስከ መጨረሻው ሰማ። ምንም አላለም። የሚቀጥሉትን ምዕራፎች ግን ልጁ የነገራቸው ለእኔ ሳይሆን ለአባቱ ነው፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ አዳመጥሁ።

ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ለመጠየቅ ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ሁለቱንም ቦታ እዩ። ፊልም ከተማው ትኬት ስላለው አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ግማሽ ቀንም መድቡለት። ብሉተንቡርግን ለፀሐይ ቀን አስቀምጡት፣ ግቢው ለመቀመጥ ይመቻል። ጊዜ ከተረፋችሁ ቫልድፍሪድሆፍ በሚባለው የጫካ መቃብር ኤንደ ያረፈበትን ፈልጉ፤ ከመቃብሩ በላይ ከነሐስ የተሠራ ትልቅ የተከፈተ መጽሐፍ ታያላችሁ። ልጆቹን ዘንዶው ላይ አስቀምጧቸው፣ ፎቶም አንሷቸው፣ ደስታቸው አይከልከል። ፊልሙ ሲያልቅ ግን ቴሌቪዥኑን አጥፉና የቀረውን ግማሽ በራሳችሁ ቋንቋ ንገሯቸው፤ ልጁ ቤቱ መግባቱንም፣ አባቱ ሲፈልገው ማደሩንም።