የወይን ዘለላ

ወይና ደጋ ስንል ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለታችን ነው፤ ነገር ግን በደብረ ታቦር አርባ ዓመት ስኖር ወይን በሐረጉ ላይ ተንጠልጥሎ ከቶ አላየሁም። ከከተማችን በታች በይፋግ አገር ይተከል እንደ ነበረ የጥንት መንገደኞች ጽፈዋል፤ እኛ የምናውቀው ግን ከገበያ የሚመጣውን ደረቅ ዘቢብ ብቻ ነው።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋራ ሁለት ቀን ለማረፍ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው፣ ዛሬ ባቱ ወደምትባለው ወደ ዝዋይ ወረድን። በዚያ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ወይን አስተክሎ በ2006 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የወይን ጠጅ ለገበያ አውጥቷል። ጉማሬና ጅብ እንዳይገባበት በተክሉ ዙሪያ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ቦይ ተቆፍሮለታል። (ጅብ ለወይን ያሰጋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር!)

አስጎብኚው በርሜሉን ሁሉ ካሳየን በኋላ ብርጭቆ ቀረበልን። እኔ ጠጣሁ፤ ባለቤቴ ግን ሳትቀምሰው ወጥታ ሄደች። ለመንገዱ ያወጣሁት ገንዘብ ታወሰኝና ተቆጥቼ ተከተልኋት። ከሐረጉ ሥር ቆማ አንዱን ዘለላ ሳትቆርጠው በመዳፏ ደግፋ ይዛው ነበር። አባቷ ቄስ ነበሩ፤ ከዲቁናቸው ጀምረው በቤተ ልሔም ዘቢብ በውኃ እየዘፈዘፉ ሲጨምቁ ዕድሜያቸውን ፈጽመዋል።

«አባባ እርጥቡን ሳያዩ ሞቱ» አለችኝ።

አስጎብኚውን አንድ ዘለላ ለመንሁት፤ ሰጠን። እስከ ደብረ ታቦር በመሐረብ ጠቅልላ በጭኗ ላይ ይዛው መጣች። ስንፈታው ግማሹ ተበላሽቷል። የቀረውን በሰፌድ አድርጋ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።