ሰፈሬን መዝገብ ውስጥ አገኘሁት

ለሰባት ወራት ያህል እናቴን ስዋሽ ከረምኩ። ውሸቱ ትልቅ አይደለም፤ «ከፍያለሁ» የምትል አንዲት ቃል ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ከመርካቶ ወደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ከገባች ዘጠነኛ ዓመቷን ይዛለች። ከመሳለሚያ ወደ እህል በረንዳ በሚወስደው መንገድ ጀርባ የነበረው ግቢያችን ለልማት ሲፈርስ፣ ዕቃዋን በአንድ አይሱዙ ጭና ሄደች። እድሯን ግን ይዛው አልሄደችም። ጀሞ ላይ የብሎኩ ሰዎች አዲስ እድር ሲያቋቁሙ ገባች፤ የመርካቶውን ተይው ስላት ግን አሻፈረኝ አለች። «እነዚህ እኮ ገና ስሜን አያውቁም» ነው መልሷ። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ በሁለት ታክሲ መርካቶ ትሄዳለች፣ ትከፍላለች፣ ከቀሩት ጎረቤቶቿ ጋር ቡና ጠጥታ ትመለሳለች። ጉልበቷ ሲያስቸግራት ጊዜ መልእክቱ ወደ እኔ ዞረ።

እኔ ደግሞ የምኖረው እየጻፍኩ ነው። ጽሑፉ ዛሬ ይወጣል፣ ክፍያው ከሁለት ወር በኋላ ይመጣል፤ አንዳንዴም አይመጣም። እናቴ ለእድሩ የሰጠችኝን መቶ ብር አንዱን ወር ለታክሲና ለምሳ አዋልኩት። በሚቀጥለው ወር የሁለቱን አንድ ላይ እከፍላለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ወር የሦስቱን አልኩ። መቼም ብድር ከራስ ሲሆን አበዳሪው አይጨቀጭቅም። የእድራችን ደንብ ደግሞ ስድስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ አባል ይሰረዛል ይላል። ይህን አውቃለሁ።

ሰባተኛው ወር ላይ ስኳሯ ተነሥቶባት አራት ቀን ሆስፒታል ተኛች። በሦስተኛው ሌሊት አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳንጎላጅ ነቃችና፣ «የእድሩን ከፍለሃል አይደል?» አለችኝ።

«ከፍያለሁ።»

«ጎሽ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወደ ቤቷ በተመለሰች በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰባት መቶ ብርና የቅጣቱን ተበድሬ መርካቶ ወረድኩ። ቅዳሜ መርካቶ የሄደ ሰው እንደሚያውቀው እዚያ ሰው አይራመድም፤ ይገፋል እንጂ። ከአውቶቡስ ተራ ጀምሮ «ዞር በል!» እየተባልኩ፣ ከኋላዬ የሚመጣውን ተሸካሚ እየሸሸሁ ሄድኩ።

መርካቶን ብዙ ሰው ከከተማይቱ ጋር የተፈጠረ ይመስለዋል። ዕድሜው ግን ከአያቴ ያንሳል። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ዱሮ አራዳ፣ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ጣልያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተማዋን ከያዘ በኋላ ነጭና ጥቁር ተቀላቅሎ አይኖርም፣ ተቀላቅሎም አይገበያይም አለ። አራዳን ፒያሳ ብሎ ለራሱ አስቀረና አገሬውን ወደ ምዕራብ ገፋው። የተገፋበትን ቦታ «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ የአገሬው ሰው ገበያ ማለት ነው፣ ብሎ ሰየመው። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ሲወጣ ኢንዲጄኖ የምትለው ስድብ አብራው ሄደች፤ መርካቶ ቀረች። ቃሏ በጣልያንኛ ገበያ ማለት ስለሆነች «መርካቶ ገበያ ሄጄ» የሚል ሰው «ገበያ ገበያ ሄጄ» ማለቱ ነው። ግድ የለም፣ እንዲያውም ይስማማታል።

ለአገሬው መለያ እንዲሆን የተከለለው ቦታ እንዲህ የአገር ሁሉ መገናኛ ይሆናል ብሎ ያ የጣልያን መሐንዲስ የጠረጠረ አይመስለኝም። ዶርዜው ሸማውን፣ ጉራጌው ጉልበቱንና ንግዱን፣ ሐረሬው፣ የመኑ ዐረብ፣ ትግሬው፣ ኦሮሞው፣ ስልጤው የየራሱን ይዞ መጣ። ሸማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ምናለሽ ተራ፣ ቦምብ ተራ... ስሞቹን ሕዝቡ ራሱ አወጣቸው። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ተጠጋግተው ቆመዋል። ልጅ ሳለሁ ሌሊት ስነቃ ሁለቱም በድምፅ ማጉያ ይሰሙኝ ነበርና ለረጅም ጊዜ የሚነጋገሩ ይመስለኝ ነበር።

አያቴ ከጉራጌ አገር በእግሩ የመጣው ጣልያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ሥራው ሸክም ነበር፤ ከመኪና ላይ ኩንታል አውርዶ እህል በረንዳ መጋዘን ማስገባት። እናቴም ያሳደገችን እዚያው እህል በረንዳ፣ ከጆንያ የፈሰሰውን ጥራጊ ገዝታ፣ አበጥራና ለቅማ እየሸጠች ነው። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ቅንድቧ በዱቄት ነጭ ነው። ዛሬም ጤፍ ሲበጠር ሲሸተኝ የምትመጣ ይመስለኛል።

ግቢው ስምንት ክፍል፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ሽንት ቤት ነበረው። ቆጣሪው ያጣላል፣ ቧንቧው ያጣላል፤ ሽንት ቤቱንማ ተዉት። ማነው ካውያ የሰካ? ማነው ምጣድ የጣደ? እየተባለ አምፖል ሲቆጠር ያደግን ልጆች ነን። ያ ሁሉ ጠብ ጡሩምባ እስኪነፋ ድረስ ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በአጥሩ ሥር ሲጮህ፣ ትናንት ማታ በመብራት ሒሳብ የተሰዳደቡት ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተያይዘው ይወጣሉ። እድሩ ሁለት ዓይነት ድስት ነበረው፤ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ። ድንኳኑ ግን አንድ ነው።

አንድ ጊዜ ስለ እንግሊዝ ገጠር ሳነብ፣ በ1538 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በወጣ ትእዛዝ እያንዳንዱ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ መደረጉን አየሁ። በዚያ ምክንያት ዛሬ አንድ የእንግሊዝ ገበሬ የአያት ቅድመ አያቱን ስም ከመንደሩ መዝገብ ሊያገኝ ይችላል። በኋላ ዘመንም ድኾቹ ሳንቲም እያዋጡ የሚቀባበሩባቸው ማኅበራት ነበሯቸው፤ በምጽዋት መቀበር ያሳፍራቸው ነበርና። ሳነበው ይሄማ የኛው እድር ነው አልኩ። ቀንቼም ነበር። የኛ ሰፈር የታለ መዝገቡ? ግቢው ፈርሶ ፎቅ ቆሞበታል፤ ጎረቤቱ ግማሹ ጀሞ፣ ግማሹ የካ አባዶ፣ ግማሹ መቃብር ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ ሲቃጠል እናቴ በቴሌቪዥን እያየች «በየት በኩል ነው?» ትለኛለች፤ እኔ አደባባዩንና ፎቁን እየጠራሁ ልነግራት ስሞክር እሷ የምታውቀው የሰዎቹን ስም ነው። ልንግባባ አልቻልንም።

ስለ እድር አነሳስ ብዙ ይባላል። ሲልቪያ ፓንክረስት አዲስ አበባ ላይ ታሳትመው በነበረው «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔት ልጇ ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 (አሁንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ስለ እቁብና እድር ጽፈው ነበር። በከተማ የተስፋፋው በጣልያን ጊዜና ከዚያ ወዲህ እንደሆነ የሚናገሩ አጥኚዎች አሉ። አያቴን ብትጠይቁት ኖሮ መልሱ አጭር ነበር፦ ዘመድ በሌለበት አገር የሞተ ሰው ማን ያንሣው?

እንግዲህ የእድሩ ቢሮ ደረስኩ። ቢሮ ማለቴ ከአንድ መጋዘን ጎን የተለጠፈች የቆርቆሮ ክፍል ናት። አግዳሚዎቹ እስከ ጣራ ተደርድረዋል፤ ድስቶቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ ተሰክተዋል። ዳኛው ጋሼ ብቻቸውን ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። በሕፃንነቴ አንዴ ጆሮዬን የቆነጠጡኝ ሰው ናቸው፤ ምክንያቱን ሁለታችንም ረስተነዋል።

«አንተ! እናትህ እንዴት ሆነች?»

«ደህና ናት፣ ተሽሏታል።» ምላሴ ደረቀ። «ጋሼ፣ የመጣሁት... ውዝፍ ልከፍል ነው። የሰባት ወር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እሷ አታውቅም። ተሰርዛ ከሆነ...»

አላስጨረሱኝም። «ቁጭ በል» አሉና ከሣጥኑ ሁለት መዝገብ አወጡ። አዲሱን ሳይሆን አሮጌውን ነው መጀመሪያ የገፉልኝ። «እስቲ እሱን ተመልከት፤ እኔ መነጽሬን ልፈልግ።» መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር።

መዝገቡ ከ1949 ዓ.ም. ይጀምራል። ስም፣ ሥራ፣ ፊርማ ወይም አሻራ። በአሥራ አንደኛው መስመር ላይ አያቴን አገኘሁት፤ ሥራ፦ «ተሸካሚ»። ከጎኑ የአውራ ጣቱ አሻራ በሐምራዊ ቀለም፤ ትልቅ፣ መሐሉ ላይ ጠባሳ ያለው። አያቴ ፎቶግራፍ ሳይነሣ ነው የሞተው። እጄን አስቀመጥኩበት።

ከእሱ በታች «ሸማኔ»፣ «ልብስ ሰፊ»፣ «ጠላ ሻጭ»፣ ቀጥሎም «ባለ ግቢ»። ይህችን አውቃታለሁ፤ እኛ ልጆቹ «እማማ» የምንላት፣ ቆሎ የምትዘግንልን አሮጊት ናት። ስምንቱም ክፍል የሷ እንደነበር ያወቅሁት ጎርምሼ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ አንዷ ክፍል ቀረችላት፤ ሰባቱ የቀበሌ ሆኑ። ትናንት ኪራይ የሚከፍሏት ሰዎች ከትናንቱ ባነሰ ኪራይ የቀበሌ ተከራይ ሆኑ። ሴት አያቴ ለወር ያህል ቧንቧው ጋ ስታገኛት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጎትት ነበር ትላለች እናቴ፤ ደስታዋን ለመደበቅ ይሁን ኀፍረቷን አልነገረችኝም። መዝገቡ ላይ ግን የነሐሴ 1967 ገጽ ከሐምሌው አይለይም። ባለ ግቢዋም ተሸካሚውም እኩል ከፍለዋል። አንድ ለውጥ ብቻ አለ፤ «ባለ ግቢ» የሚለው በቀጭን መስመር ተሰርዞ ቦታው ባዶ ቀርቷል። ምን ብሎ እንደሚጽፍ ጸሐፊው የጨነቀው ይመስለኛል።

ከዚያ 1969 እና 1970 ይመጣል። «ልጅ»፣ «ልጅ»፣ «ወንድም» እያለ ይወርዳል። የወጪው ዓምድ ግን ባዶ ነው፤ አንዱ ላይ ብቻ «ድንኳን አልተተከለም» ይላል። በቀይ ሽብር ለተገደለ ሰው ማልቀስ ራሱ ወንጀል ነበርና እድሩ ምን ያወጣል? በኅዳጉ ላይ፣ በሌላ እጅ፣ በሌላ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፦ «1983፤ ለቅሶው ተደርሷል።»

ጋሼ ምንም አላሉኝም። አዲሱን መዝገብ ከፍተው በጣታቸው የእናቴን መስመር አሳዩኝ። ሰባቱም ወር ተከፍሏል። ከእያንዳንዱ ጎን ያቺ የማውቃት የተንጋደደች፣ ከመሠረተ ትምህርት የቀረች ፊርማዋ አለች።

«ማን አምጥቶ...?»

«ራሷ ናታ። በሁለተኛው ወር ደወልኩላት፤ ልጅሽ አልመጣም አልኳት። ዝም በለው፣ እኔ እመጣለሁ አለች። በዚያ ጉልበቷ። ባለፈው ወር እንኳ ከታክሲ ስትወርድ ጡሩምባ ነፊው ነው ደግፎ ያመጣት።»

ስለዚህ ሆስፒታል ስትጠይቀኝ ታውቅ ነበር። ሰባት ጊዜ ለእኔ መቶ ብር ሰጥታ፣ ሰባት ጊዜ ሌላ መቶ ብር ይዛ ሄዳለች። ተነሥቼ ልሂድ ብል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ጋሼ ሬዲዮውን ከፍ አደረጉ፤ ደግ ሰው ናቸው።

ትንሽ ቆይቼ የዚህን ወር ልክፈል አልኩ። ከፈልኩ። «ፈርም» ብለው እስክሪፕቶአቸውን ሰጡኝ፤ ከፊርማዎቿ ሥር የኔን አኖርኩ። እኔም አባል መሆን እንደምፈልግ ስነግራቸው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «መግቢያ አለው፤ ቀብር መውጣትም አለው። ቀብር የማይወጣ ሰው በገንዘቡ ብቻ አንፈልገውም። አስብበትና ና።»

ጀሞ ስደርስ መሽቷል። እናቴ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ ሽሮ የሚሆን አተር ትለቅማለች።

«የት ዋልክ?»

«መርካቶ። የእድሩን ከፍዬ መጣሁ።»

እጇ ሳሕኑ ላይ ቆመ። «የስንት ወር?»

«የዚህን ወር።»

አንድ ጠጠር አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ዳኛው ደህና ናቸው? ያንን ሳላቸውን ታከሙት?» አለችና ወደ ሶፋው ጥግ ተጠግታ ቦታ ለቀቀችልኝ።