ቃል የሌለውን ዜማ በምን እንመዝነው?



መዝሙርን መመዘን ለእኛ ለወንጌል አማኞች አዲስ ነገር አይደለም። ግጥሙን እናያለን፣ ከእግዚአብሔር ቃል ጋር እናስተያያለን፣ ከፍ የሚያደርገው ክርስቶስን ነው ወይስ ዘማሪውን ብለን እንጠይቃለን። ግጥም የሌለው ሙዚቃ ሲመጣ ግን ሚዛናችን ላይ የምናስቀምጠው ነገር ይጠፋናል። ጊታር የሚማሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ይህንኑ ነው። “ድምፃዊ የሌለበት የሮክ ጊታር መስማት ኃጢአት ነው? ዘፈን እንዳንለው ቃል የለውም፤ መዝሙር እንዳንለው የጌታን ስም አይጠራም” ይሉናል። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ ጌታን ካገኙ ገና ወራት ብቻ ነው። ያለ ምክንያት ብንከለክላቸው ወንጌልን የክልከላ ዝርዝር አድርገው ይወስዱታል። ያለ ማስተዋል ብንፈቅድላቸው ደግሞ መለየትን ሳይማሩ ይቀራሉ።

በአገራችን ቃል የሌለውን ሙዚቃ ሁሉ “ክላሲካል” ብለን መጥራት ለምደናል። በጸሎት ሰዓት ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ይጫወታል፣ መባ ሲሰበሰብም እንደዚሁ፤ ማንም አይቃወምም። ለምን? ዜማውን ስንሰማ ግጥሙ በልባችን ስለሚዘመር ነው። ያ ክላሲካል በእውነቱ ቃል አልባ አይደለም፤ ቃሉን ከትዝታችን ተበድሯል። ከመጀመሪያውም ለጊታር ብቻ ተብሎ የተሠራ የሮክ ሙዚቃ ግን የሚበደረው ግጥም የለውም። ስለዚህ እውነተኛው ፈተና እርሱ ነው።

በሙዚቃ መሣሪያ የምናገለግል አራት ሰዎች ሆነን ሦስት ሥራዎችን ጎን ለጎን ሰማን። አንዱን ከሌላው አስተያየን፣ ተከራከርን፣ መጽሐፍ ቅዱሳችንንም ገለጥን።

የመጀመሪያው በ1958 የወጣው የሊንክ ሬይ “ረምብል” ነው። ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ብቻ ነው። ጥቂት ኮርዶች በዝግታ ይመታሉ፤ ድምፁ ሻካራ ነው። ሬይ ያን ሻካራነት ለማግኘት የአምፕሊፋየሩን ስፒከር በእርሳስ እንደ በሳው ይነገራል። ርዕሱ የጎረምሶችን የመንገድ ድብድብ የሚያመለክት ስለሆነ፣ አንድም ቃል ሳይኖረው በአሜሪካ አንዳንድ የሬዲዮ ጣቢያዎች እንዳይተላለፍ ከለከሉት። ሰውየው ደግሞ በሳንባ ነቀርሳ አንድ ሳንባውን ያጣ ነበር፤ ጊታሩ እንደ ጉሮሮው ሆነለት።

ሁለተኛው በ1990 በወጣው “ፓሽን ኤንድ ዎርፌር” በተባለው አልበም ውስጥ ያለው የስቲቭ ቫይ ሥራ ነው። ርዕሱ “ፎር ዘ ላቭ ኦቭ ጋድ” ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ “ስለ እግዚአብሔር ፍቅር” እንደ ማለት ነው። ስድስት ደቂቃ ያህል ይሄዳል። በዝግታ እያለቀሰ ይጀምርና ወደ መጨረሻው ጣቶቹ ለጆሮ እስኪያስቸግሩ ይፈጥናሉ። ቫይ ይህን ሥራ የቀረጸው በጾም ላይ ሳለ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል።

ሦስተኛው የፊል ኬጊ ነው። ኬጊ በክርስቲያንነቱ የታወቀ አሜሪካዊ ጊታር ተጫዋች ነው። በልጅነቱ በውኃ ፓምፕ አደጋ የቀኝ እጁን የመካከለኛ ጣት ከፊሉን አጥቷል። በ1987 “ዘ ዊንድ ኤንድ ዘ ዊት” የተባለ፣ ትርጉሙም “ነፋሱና ስንዴው” የሆነ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም አወጣ። የጊታሩን የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ እያዞረ ድምፁ እንደ ማሲንቆ ቀስ ብሎ እንዲነሣ ማድረግ ያውቅበታል።

በሙያ ሚዛን ስንመዝናቸው ፍርዳችን እንዲህ ሆነ። በጣት ቅልጥፍና ቫይን የሚወዳደረው የለም፤ ነገር ግን በመጨረሻው ክፍል ችሎታው ዜማውን ይሸፍነዋል ብለን አሰብን። “ረምብል” ለጀማሪ እንኳ ለመጫወት የማይከብድ ነው፤ ሆኖም የሚፈልገውን ያለ አንድ ትርፍ ድምፅ ይናገራል። ከሰማን በኋላ አፋችን ላይ የቀረው ዜማ ግን የኬጊ ነበር። እንዲህ ብሎ መፍረድ መንፈሳዊ አይደለም የሚል ካለ፣ በ1ኛ ዜና መዋዕል 25 ለቤተ መቅደሱ አገልግሎት የተመደቡት የተማሩና ብልሃተኞች እንደ ነበሩ ያንብብ። አማኝ ያልሆነ ሰው በደንብ የሠራውን ደካማ ነው ማለት ውሸት ነው፤ የወንድማችን ስለሆነ ብቻ ደካማውን ሥራ ማወደስም እንዲሁ።

ከዚያ ግን ክርክሩ ጠነከረ። ከመካከላችን አንዱ ወንድም ወደ ጌታ ከመምጣቱ በፊት በምሽት ክበቦች ይጫወት ነበር። “ረምብል” ሲጀምር ፊቱ ተለወጠ። “ይህ ድምፅ ወደ የት እንደሚመልሰኝ እኔ ነኝ የማውቀው” አለን። ሌላዋ እህታችን ደግሞ ያንኑ ድምፅ ሰምታ የታየኝ ዝናብ ያዘለ ደመና ነው አለች። ድምፁ አንድ ነው፤ የተሰሙት ነገሮች ሁለት ናቸው። ታዲያ ክፋቱ በክሩ ላይ ነው? የሮክ ጊታር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚለማመደው ቅኝት ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ የእኛ ትዝታና ባቲም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። ድምፅን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ሰይጣን የራሱ የሆነ አንድም ኖታ የለውም።

ርዕስስ ይለየው ይሆን? “ስለ እግዚአብሔር ፍቅር” የሚለው ርዕስ ልባችንን ሳበው። ግን በእንግሊዝኛ ይህ አባባል ሰው ሲማረርም የሚናገረው ነው፤ በእኛም አገር “ስለ እግዚአብሔር” የለማኝ ጥሪ ነው። ዜማው ናፍቆትን ይናገራል፤ የሚናፈቀው ማን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ጾምም ቢሆን ወደ ማን እንደ ተጾመ ካልታወቀ ብቻውን ምስክር አይሆንም። የኬጊንም ርዕስ ስንሰማ ስለ ነፋስና ስለ ስንዴ የተማርነው የወንጌል ቃል ትዝ አለን፤ ያን ቃል ግን ጊታሩ አልነገረንም፣ እኛ ይዘነው ነው የመጣነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ዋሽንትንና በገናን ምሳሌ አድርጎ፣ ድምፁ ካልተለየ የሚጫወተው ምን እንደሆነ ማን ያውቃል ብሎ የሚሞግተው ቤተ ክርስቲያን በሚገባ ቃል እንድትታነጽ ነው።

የበለጠ ያሳረፈን ግን የዳዊት በገና ታሪክ ነው። በ1ኛ ሳሙኤል 16 ዳዊት ሲደረድር ሳኦል ያርፍ ነበር፣ ክፉው መንፈስም ይርቅለት ነበር። ይህን ሁላችንም እንጠቅሳለን። ምዕራፍ 18ን ግን እምብዛም አንጠቅስም። እዚያም ዳዊት እንደ ቀድሞው ይደረድራል፤ ሳኦል ግን ጦሩን ወረወረበት። ደርዳሪው አልተለወጠም፣ የእግዚአብሔር ቅባትም ከእርሱ ጋር ነበር። ዜማ የተጨነቀውን ልብ ለጊዜው ሊያሳርፍ ይችላል፤ ለእግዚአብሔር ቃል አልታዘዝም ያለውን ልብ ግን አልለወጠውም።

እንግዲህ ቃል የሌለውን ዜማ እንደ አጋንንት አንፍራው፤ እንደ መንፈስ ቅዱስም አንደገፍበት። ይህ ሁለተኛው ለእኛ ለአገልጋዮች የሚበልጠው አደጋ ነው። በአምልኮ መካከል ጊታሩ ከፍ ሲል እጆች ይነሣሉ፣ እንባ ይፈስሳል። እንባውን አንንቅም። ነገር ግን አምፕሊፋየሩ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ መነካት ሥር አልያዘም። እምነት ከመስማት፣ መስማትም ከክርስቶስ ቃል እንደሆነ ሮሜ 10 ያስተምረናል። ዜማ በሩን ሊያንኳኳ ይችላል፤ ወደ ቤት የሚገባውን ስም የሚነግረን ግን ቃሉ ነው።

ጌታን ገና በመፈለግ ላይ ያለህ ወንድማችን፣ ያለሽ እህታችን፤ አንድ ዜማ ሰምታችሁ ምክንያቱን የማታውቁት ናፍቆት ከያዛችሁ አትፈሩት፣ እዚያም አትቁሙ። ያ ናፍቆት ስም አለው። የዮሐንስን ወንጌል አንብቡ፤ በመጀመሪያ የነበረው ቃል ሥጋ ሆኖ እንደ መጣ ታገኛላችሁ።

ለወጣቶቹ የሰጠናቸው መልስም ይህ ነው። ስትሰሙ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ከሰማሁት በኋላ ጸሎት ይቀለኛል ወይስ ይከብደኛል? ወደ ተውኩት ሕይወት ይጎትተኛል? አጠገቤ ያለውን ደካማ ወንድም ይጎዳዋል? በሮሜ 14 መሠረት አንዱ በነጻነት የሚያደርገው ለሌላው መሰናክል ሊሆን ይችላል። እኛም ያ ወንድማችን ባለበት “ረምብል”ን ላንከፍት ተስማምተናል። በዜማው ላይ የሰጠነው ፍርድ አልተለወጠም፤ ክርስቶስ የሞተለት ወንድም ግን ከሁለት ደቂቃ ተኩል ሙዚቃ ይበልጥብናል። እርሱም በበኩሉ እህታችንን አልኮነናትም።

ጌታ ጆሮአችንን ይቀድስልን፤ የምንለይበትን ማስተዋል፣ የምንተውበትንም ፍቅር ይስጠን። አሜን።