ባለ አንድ ዓይኑ ወታደር

በ1960ዎቹ ዓመታት፣ በሆሳዕና ከተማ በሥዕል መምህርነት ተቀጥሬ ሳገለግል፣ ለአንድ በዓል የሚሆን ሰፊ ሥዕል እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። ርእሱም «መቅደላ» የሚል ነበር። አቡጀዲውን በእንጨት ላይ ወጥሬ፣ ከአንድ አሮጌ የውጭ አገር መጽሐፍ ያገኘሁትን የሎንዶን ጋዜጣ ሥዕል ለምሳሌነት ፊት ለፊቴ አቁሜ ሥራዬን ጀመርሁ። በዚያ ሥዕል ላይ ከሚታዩት ወታደሮች ብዙዎቹ ጥምጥም የጠመጠሙ ሕንዶች ናቸው።

በልጅነቴ ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዘንድ ቀለም እየበጠበጥሁ አድጌአለሁና የአባቶችን ሕግ አውቃለሁ። ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ወደ ተመልካቹ ዞሮ ይሣላል፤ ከሓዲና ጠላት ግን በጎን፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። የዓድዋን ጦርነት የሣሉት ሠዓሊዎቻችንም በዚሁ ሕግ ሠርተዋል። እኔም ሕጉን አክብሬ፣ ባለ ጥምጥሞቹን ሁሉ ባለ አንድ ዓይን አደረግኋቸው።

በዚያ ዘመን በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ያስተምሩ ነበር። የኛም የሒሳብ መምህር ሕንዳዊ ነበሩ፤ ሁላችንም «ሚስተር» እያልን እንጠራቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ሲመለሱ ወደ ክፍሌ ጎራ ብለው ሥዕሉን ቆመው ተመለከቱ። በመጀመሪያ የጥምጥሙ አጠማጠም ስሕተት መሆኑን በትሕትና ነግረውኝ፣ ነጠላዬን ተቀብለው በራሳቸው ላይ ጠምጥመው አሳዩኝ። ቀጥለውም፣ «የእነዚህ ሰዎች ሌላው ዓይናቸው የት ሄደ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ሕጉን አስረዳኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«የእናቴ ወንድም ከረን ላይ ነው የቀረው» አሉ በመጨረሻ። «ኢጣሊያን ሲወጋ ነው የሞተው። እርሱንስ በስንት ዓይን ትሥለዋለህ?»

መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩን በንባብ ስከታተል ኖርሁ። በጄኔራል ናፒየር መሪነት መቅደላን ሊወጋ በዙላ በኩል የገባው ጦር 13,000 ያህል ሲሆን፣ የሚበዛው ሕንዳዊ ነበር። 44ቱ ዝሆኖችም የመጡት ከሕንድ ነው። በአሮጌ ሜዳ ከዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ጋር ከተዋጉት መካከል የፑንጃብ መንገድ ሠሪ ጦር ይገኝበታል፤ ወታደሮቹም በአብዛኛው በገዛ አገራቸው እንደ ዝቅተኛ ወገን ይቆጠሩ የነበሩ ሲኮች ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ እጃቸው ሞቱ። የአምባው መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ሄዱ። ክብሩ ሲታደል ግን፣ ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ከፍተኛ የጀግንነት ኒሻን ያገኙት ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም ከ33ኛው የእንግሊዝ ሬጅመንት ነበሩ። ለሕንዳዊ ወታደር ደንቡ አይፈቅድለትም ነበር፤ የተፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ1911 ነው። እስከዚያ ድረስ ለእርሱ የተለየ፣ እ.ኤ.አ. በ1837 የተቋቋመ ሌላ ኒሻን ነበረው። ሞቱ አንድ፣ ኒሻኑ ሁለት ነበር ማለት ነው።

በዚያው በ1911 ሎንዶን ላይ «የሕንድ ሠራዊቶች» የሚል መጽሐፍ ታተመ። ሎቬት የተባለ የጦር መኮንን የሣላቸው ባለ ቀለም ሥዕሎች ለዓይን እጅግ ያማሩ ናቸው። ጢሙ፣ የጥምጥሙ እጥፋት፣ በደረት ላይ የተደረደረው ሜዳይ ሁሉ በጥንቃቄ ተሥሏል። ከሥዕሉ ግርጌ የሚነበበው ግን በአብዛኛው የሬጅመንቱና የነገዱ ስም ነው። ቅኝ ገዥው ሜዳዩን ሥሎ ሰውዬውን ተወው። በዚህ ፈርደን እንዳንኮራ ግን የራሳችንንም ሥዕል እንመልከት፤ ከመኳንንቱ ራስ በላይ ስማቸው በጉልህ ሲጻፍ፣ ጋሻ ይዞ ከኋላ የሚከተለው ባላገር ስም የለውም።

የሚስተር አጎት የመጡበት ዘመቻ ደግሞ ሌላ ነው። አርበኞቻችን አምስት ዓመት በዱር በገደል ሲታገሉ ከቆዩ በኋላ፣ በ1933 ዓ.ም. የሕንድ ክፍለ ጦሮች ከሱዳን ተነሥተው ፋሺስቱን ወጉ። መተማ እንደተያዘች፣ ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት የመሐንዲስ ጦር መኮንን አራት ቀን ሙሉ ከጦሩ ፊት እየቀደመ፣ በ55 ማይል መንገድ ላይ የተቀበሩ 15 የፈንጂ ወረዳዎችን አጸዳ። የተሳፈረበት ተሽከርካሪ ሁለት ጊዜ ፈነዳ፤ የጆሮው ታምቡር ተበሳ። በከረን ተራራ ደግሞ ሱባዳር ሪችፓል ራም ቀኝ እግሩ ተቆርጦ ከወደቀ በኋላም ወታደሮቹን እያደፋፈረ ሞተ። ሁለቱም ቪክቶሪያ ክሮስ ተሸለሙ። ባጋት በሕይወት ተርፎ በነፃይቱ ሕንድ ሠራዊት ውስጥ ሌተና ጄኔራል ለመሆን በቅቷል። ሆኖም ከረን ላይ ለኛ ነፃነት ሲዋደቁ፣ የእነርሱ አገር ነፃነት ገና ስድስት ዓመት ይቀረው ነበር።

ነገሩ ከደጃችንም የራቀ አይደለም። ከሆሳዕና ብዙም በማትርቀው በሐላባ ቁሊቶ፣ በቢላቴ ወንዝ አጠገብ፣ ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ጦር ከኢጣሊያ ታንኮች ጋር ተጋጠመ። ሊኪ የተባለ ከኬንያ የመጣ ነጭ ሳጅን ታንክ ላይ ዘልሎ ወጥቶ ሲዋጋ ሞተ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ቪክቶሪያ ክሮስ ተሰጠው። ጀግንነቱ የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ የሽልማቱ መግለጫ፣ ታንኮቹን አብረውት ስላደኑት አንድ አፍሪካዊ የሻምበል ሳጅን ሜጀርና ሁለት አስካሪዎች ሲናገር ስማቸውን አያነሣም። ቢላቴን በተሻገርሁ ቁጥር የማስበው እነዚያን ሦስት ሰዎች ነው።

አሁን ደግሞ እስከ ዛሬ ያልጻፍሁትን ልጻፍ። በአያቴ ሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንድ ፎቶግራፍ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ በራሱ ላይ የኢጣሊያ አስካሪ ታርቡሽ ደፍቶ፣ በደረቱ ላይ ሜዳይ አንጠልጥሎ ይታያል። በቤታችን ስሙ አይጠራም ነበር። ከዘመዶቻችን አንዳንዱ በግድ ተወሰደ ይላል፤ ሌላው ለደመወዝ ሄደ ይላል። ባንዳነቱን ልሸፍን አልሻም፤ ፋሺስትን አገልግሎ በወገኑ ላይ የዘመተና ፋሺስትን የወጋ እኩል አይደሉም። አያቴ ግን ፎቶግራፉን አልቀደደችም፤ አላሳየችምም። ሚስተር «በስንት ዓይን?» ሲሉኝ አንደበቴ የተሳሰረው ስለዚሁ ነበር። ጥያቄው ስለ ሕንድ ብቻ አልነበረምና።

በማግሥቱ ወደ ሥዕሉ ተመለስሁ። በፊት ረድፍ ካሉት ወታደሮች የአንዱን ፊት ደምስሼ እንደገና ሣልሁት፤ ጥምጥሙን ሚስተር እንዳሳዩኝ፣ ዓይኖቹንም ሁለት አደረግኋቸው። ጠመንጃውን ግን ከእጁ አልነጠቅሁትም፤ አፈ ሙዙም ወደ አምባው እንዳነጣጠረ ቀረ። ሥዕሉን ሊገመግሙ ከመጡት አንዱ «ጠላትን አሳመርኸው» ሲል ወቀሰኝ። «አላሳመርሁትም፤ እንዲጠየቅ ነው ያዞርሁት። ፊት የሌለው ሰው ምን ብሎ ይጠየቃል?» አልሁት። ሥዕሉ በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ ተሰቅሎ ቆየ፤ በኋላ አቡጀዲው ለመፈክር ተፈልጎ ነጭ ቀለም ተቀባበት።

ሚስተር ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት የአጎታቸውን ስም በፊደላቸው በወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡኝ። አሁንም ከእኔ ዘንድ አለ። እኔም በዚያው ሰሞን የአባቴን ወንድም ፎቶግራፍ ገልብጬ፣ በጀርባው ላይ ሙሉ ስሙንና የሄደበትን ጦር ጻፍሁ፤ ኢጣሊያ የሰጠው ሜዳይ ለምን እንደሆነ ግን የሚነግረኝ ሰው ስላላገኘሁ ቦታውን ባዶ ተውሁት።

ብሩሽ የያዘ ባልንጀራዬ ሆይ! የሐድያና የከምባታ ሽማግሌዎች ከወላጆቻቸው የሰሙትን አፍ ገና አልዘጉም። ቢላቴን የተሻገሩት፣ ለነፃነትም ለባርነትም የተሰለፉት፣ ስማቸው ማን ነበር? ከመሣልህ በፊት ጠይቅ። ፍርዱን ስጥ፤ አትሸሽ። ነገር ግን የምትፈርድበትን ሰው ፊት ለፊት አዙረህ፣ በሁለት ዓይኑ እያየህ ፍረድበት።