የቤልጅጉ ሰደፍ

ሚሌን ሾፌር ሁሉ የሚያውቃት በሁለት ነገር ነው፤ በኬላዋና በሙቀቷ። ከአዋሽ በገዋኔ በኩል የሚመጣው መንገድና ከኮምቦልቻ በባቲ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ እዚያ ይገናኙና አንድ ሆነው ወደ ሎግያና ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ጋላፊ ይዘልቃሉ። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ የአሰብ በር ሲዘጋ የአገሩ ጭነት ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። እኔም የጭነቱን ዱካ ተከትዬ በ1997 ዓ.ም. የአንድ የጭነት መኪና ድርጅት የመለዋወጫ ዕቃ ተቆጣጣሪ ሆኜ ሚሌ ከረምኩ።

ቆጠራው በጠዋት ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ረጅም ነው። ጊዜዬን ለመግደል ስል የተሰነጠቀ ፓራፋንጎና የተሰበረ መከላከያ በፋይበር ግላስ መለጠፍ ለመድኩ። የመስታወት ክር ጨርቁ፣ ሬዚኑና ማድረቂያው ከአዲስ አበባ በሾፌሮች እጅ ይመጣልኛል። እጄ ሲፈታ ሥራዬ እያማረ ሄደ፤ እኔም በራሴ መኩራራት ጀመርኩ።

አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበትን ዳጉን አንባቢ ያውቀው ይሆናል። ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ቁጭ ሳይሉ፣ ያዩትንና የሰሙትን ሳይነጋገሩ አይተላለፉም። በዳጉ መዋሸትም ትልቅ ነውር ነው። ታዲያ «ሚሌ ውስጥ የተሰበረ የሚገጥም ሐበሻ አለ» የሚለው ወሬ በዚሁ መንገድ ከእኔ ቀድሞ ተጉዞ ኖሮ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ ከደጄ ቆመው አገኘኋቸው። በወገባቸው ጊሌ፣ በትከሻቸው ደግሞ በሽቦ የታሰረ ቤልጅግ አለ።

ጠመንጃው ከአይሱዙ ጭነት ላይ ወድቆ ሰደፉ አንገቱ ላይ፣ ከምላጩ ኋላ እጅ የሚጨብጠው ቀጭኑ ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። የሰደፍ ደካማ ቦታው እሱ ነው። በተተኮሰ ቁጥር ግፊቱ በዚያ አልፎ ወደ ትከሻ ስለሚሄድ ስንጥቁ እየሰፋ ይመጣል።

«ትችላለህ?» አሉኝ።

«እችላለሁ ሐጂ» አልኩ።

የወረዳውን ወረቀት ከላስቲክ ፈተው አሳዩኝ። (ያኔ እሱ በቂ መስሎኝ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ግን እንዲህ ያለውን ሥራ ያለ ፈቃድ መዳፈር ለጣጣ ነው።) ከዚያ ቁጭ ብለው እንጨቱን ከብረቱ ለዩ። እንጨቱን ለእኔ ሰጡኝና ብረቱን በሽርጣቸው ጠቅልለው ይዘው ሄዱ። ዋጋው አንድ ፍየል ሆነ።

ያን ዕለት ማታ እንጨቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ብዙ አሰብኩ። ጠመንጃ በዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። ሙንዚንገር የተባለው ስዊዛዊ ለግብፅ አድሮ ጦር እየመራ ወደ አውሳ ቢዘልቅ እ.ኤ.አ. በ1875 አፋሮች ጨረሱት። ግጥሙን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦም ለምኒልክ የሚሸጠውን ጠመንጃ በግመል ጭኖ፣ ከታጁራ ተነስቶ የአፋርን ምድር አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1887 ሸዋ ገብቷል። የፈረንሳዩን ግራ «ውጅግራ» እንዳልነው ሁሉ የቤልጅጉንም ስም ከአገሩ ወስደን የራሳችን አደረግነው። ይህ በእጄ ያለው እንጨት ምን አይቶ ይሆን? ነገስ በማን ላይ ይነጣጠር ይሆን? በአፋርና በኢሳ መካከል ስንት ደም እንደፈሰሰ እየሰማሁ ነው የምኖረው። አብሮኝ የሚያድረው ልጅ «አንተ ምን ቸገረህ፣ እንጨት ነው የምትጠግነው» አለኝ። መልሱ ባያረካኝም ተቀበልኩት። እውነቱን ለመናገር፣ እጄ ሥራውን ወዶት ነበር።

እንጨቱ ለዓመታት ቅቤና የጠመንጃ ዘይት ጠጥቷል። ቅባት ባለበት ሬዚን አይዝም። ስለዚህ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት። ላብ እንደሚያልበው ሰው ጠብ ጠብ እያለ ቅባቱን ተፋ፤ በቤንዚን በራሰ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ተመልሶ ያልበዋል። ቤቴ የጭስና የከረመ ቅቤ ሽታ ሸተተ።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ሬዚኑ ነው። ማድረቂያ ጠብ ሲደረግበት ከውስጡ ይግላል፤ አየሩም ከሞቀ ይብስበታል። አዲስ አበባ ላይ ሰው ተረጋግቶ የሚሠራበት ልክ ሚሌ ላይ በእኩለ ቀን ኩባያው ውስጥ ጨሶ ድንጋይ ይሆናል። ሁለት ኩባያ ከጣልኩ በኋላ የማድረቂያውን ልክ ቀንሼ፣ ከንጋት አዛን በፊት ተነስቼ በፋኖስ ሠራሁ። ስንጥቁን ከፈት አድርጌ ሬዚን አጠጣሁት፣ በሞርሳ አጥብቄ ገጠምኩት፣ አንገቱን በትንሹ ፍቄ ጨርቁን ሁለት ዙር ጠመጠምኩበት። ፈረንጆች ሰደፉን ጭራሽ ከፋይበር ግላስ የሚሠሩት እንጨት ርጥበት ሲያገኝ ስለሚያብጥ፣ ሲደርቅም ስለሚጣመም ነው። የእኔው ቤልጅግ ግማሽ ፈረንጅ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ መልካም ነበር። ግን የብርጭቆ ወረቀት በእጁ የያዘ ሰው ማቆሚያውን አያውቅም። የመስታወቱ ብናኝ ከላብ ጋር ክንዴን እያሳከከኝ አንገቱን አለሰለስኩ፤ አንገቱ ሲያምር የቀረው አስጠላኝ። ቫርኒሹን፣ ጥቀርሻውን፣ ጭረቱን ሁሉ ፋቅሁ። የሰደፉ ግራ ጎን ላይ ረገብ ያለ ስርጉድ ቦታ ነበር። እሱንም በስቱኮ ሞላሁት። አስተካክዬ፣ ቀለም አመሳስዬ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀባሁት። እንደ ሳሎን ወንበር አብረቀረቀ።

ሽማግሌው በቀጠሯቸው ብረቱንና ፍየሉን ይዘው መጡ። ብረቱን ገጠሙ፣ አንገቱን ጨብጠው ጠመዘዙት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ። ከዚያ አንስተው ጉንጫቸውን አስደገፉ። አወረዱት። እንደገና አስደገፉ። በአውራ ጣታቸው ግራ ጎኑን ዳበሱት።

«የአባቴ ጉንጭ የት ሄደ?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ላቤ ቀዘቀዘ። ያ ስርጉድ ቦታ አባትየው ዕድሜ ልካቸውን፣ ከዚያም ልጃቸው ጉንጫቸውን ሲያሳርፉበት የተበላ ነው። እኔ ብልሽት መስሎኝ ደፍኜዋለሁ።

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፍየሉን አልቀበልም ብል «ቃል ነው» ብለው ገመዱን እጄ ላይ አስቀመጡና ሄዱ። በሳምንቱ ለሥራ ሎግያ ብወርድ፣ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ከእግር እስከ ራሴ ተመልክቶኝ «ጉንጭ የፋቅኸው አንተ ነህ?» አለኝ። ዳጉ እንደሆነ አይዋሽም። ነኝ አልኩት።

ፍየሉን ማረድ አቅቶኝ ጥቂት ቀናት ቆየ። ሽማግሌው ይህንንም ሰምተው ኖሮ መጡ። «እረደው፤ ሥጋው ያንተ፣ ቆዳው የኔ» አሉ። ባረድኩት ዕለት እርጥቡን ቆዳ እዚያው ደጄ ላይ በጊሌያቸው ቀደዱት፣ ፀጉሩን ላጩት፣ በእኔ ፋይበር ግላስ ላይ ጠቅልለው በጅማት ሰፉት። እርጥብ ቆዳ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ሲሸበሸብ ይጠብቃል፤ በማግስቱ በጥፍሬ ብነካው እንደ ብረት ጠጥሯል። በዚያ አገር የተሰነጠቀ ሰደፍ የሚታሰረው ድሮም በዚህ ነው።

«ታዲያ እኔ ጋ ለምን መጡ?» አልኳቸው።

«ቆዳው ከውጭ ነው የሚይዘው» አሉ። «ያንተ ከውስጥ ይይዛል። እሱ ጥሩ ነው።»

ስቱኮዬንም በጊሌው ጫፍ ቀስ እያሉ እየፋቁ አነሱት። ስርጉዱ ተመለሰ፤ ልኩ ግን የቀድሞው አልነበረም። እያስደገፉ ይፍቃሉ፣ እየፋቁ ያስደግፋሉ። እኔ ጎናቸው ቁጭ ብዬ ብናኙን እፍ እላለሁ።

ሲጨርሱ ያጠፋሁትን በትንሹም ቢሆን ልክስ ብዬ ከቀለም ሱቅ ያስመጣሁትን የተልባ ዘይት አወጣሁ። የፈረንጅ ጦር የሰደፍ እንጨት የሚቀባው በዚህ ነው፣ ከቫርኒሽ ይልቅ እንጨቱ ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ የተቀባበት ጨርቅ ግን ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ እሳት ሊያነሳ ስለሚችል ተዘርግቶ ይድረቅ ብዬ አስረዳኋቸው። ጠርሙሱን ተቀብለው አሸተቱ።

«ይሄ እናንተ በጾም የምትጠጡት አይደለም?»

«ነው፤ ተልባው ነው።»

ሳቁ። ያን ቀን የመጀመሪያ ሳቃቸው ነበር። ጠርሙሱን መለሱልኝና ከሽርጣቸው እጥፋት ትንሽ ቅል አወጡ፤ ቅቤውን በመዳፋቸው አሙቀው ከሰደፉ ጫፍ ጀምረው ማሸት ያዙ።

ቅቤ እንጨት ውስጥ እንደማይደርቅ፣ ሌላ ጊዜ ቢሰነጠቅም ሬዚን እንደማያስይዝ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ዝም አልኩ።