ቫርኒሹ ይቆይ፤ መጀመሪያ ጣራው!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ወላጆቻችሁ ቤት ስትገቡ ዓይናችሁ መጀመሪያ የሚያርፈው ምን ላይ ነው? የእኔ ያረፈው በእናቴ ቡፌ ላይ ነበር። ቡፌው ላይ ከምል፣ ቡፌውን ከአናቱ እስከ ወገቡ በሸፈነው ዳንቴል ላይ ብል ይቀላል። እናቴ ዳንቴል የምታለብሰው ራዲዮና ቴሌቪዥን ነበር። ቡፌ ስታለብስ አይቻት አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ ሥራዬ ባሕር ዳር ነበር። የታናሽ እህቴ ሠርግ ለጥር ስለተቆረጠ ቤቱን አይቼ የጎደለውን እንድሞላ ወደ አንበሳሜ ሄድኩ።

«አንበሳሜ ደግሞ የት ነው?» የምትሉ አትጠፉም። የደቡብ ጎንደሩ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ዓባይን ትሻገራላችሁ። ያኔ የምንሻገረው በአሮጌው ድልድይ ነበር፤ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የተመረቀው በግንቦት 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ዘንዘልማን አልፋችሁ የጎንደርን አስፋልት ይዛችሁ ሐሙሲት ትደርሳላችሁ። ሐሙሲት ገበያዋን በስሟ የምትናገር ከተማ ናት። እዚያ ጎንደርን ትታችሁ ወደ ቀኝ፣ ወደ እስቴ አቅጣጫ ስትታጠፉ አንበሳሜ ናት። በጥቅምት መንገዱ ያምራል። ኑጉ ቢጫ አበባውን አውጥቶ፣ ጤፉ አረንጓዴም ወርቃማም መሆን አቅቶት በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ ታያላችሁ።

እኔ ግን አበባ የማይበት ልብ አልነበረኝም። ኪሴ ውስጥ ከአንድ የባሕር ዳር የቤት ዕቃ መደብር ያጻፍኩት ዋጋ አለ። መስተዋት በር ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ችፑድ ቡፌ! በሐሳቤ ጭኜው፣ አስገብቼው፣ እናቴም እልል ብላ ጨርሳለች።

ቡናው ተፈልቶ ሁለተኛው ሲቀዳ ዳንቴሉን ገለጥ አደረግኩት። ምን ልበላችሁ! ከላይ ነጫጭ ደመና የመሰለ ነገር ተኝቶበታል። በጎን በኩል ፖሊሹ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። በምስማሮቹ ዙሪያ ጠቁሯል። የጀርባው ኮምፔንሳቶ ውሃ ጠጥቶ ንብርብሩ ተለያይቷል። መሳቢያውን ብጎትተው እምቢ አለኝ። ሽታው ደግሞ የሻጋታ ነው።

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?» አልኳት።

«ክረምት ነዋ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አይ… አንተም የራስህ ኑሮ አለህ። ትንሽ ነው የሚያንጠባጥበው።»

እኔ ሞኙ ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። «ይሄንን አውጥተን እንጥለው፤ አዲስ አመጣልሻለሁ» አልኩ። እናቴ መልስ አልሰጠችኝም። ሲኒውን ሞልታ አቀበለችኝና ቆይታ፣ «ጣውላውን አባትህ ከጓሯችን ዋንዛ አስመጋዘ። የአናጢውን ዋጋ እኔ ከእቁቤ ከፈልኩ። ሁለት ዓመት ሽንኩርት ነግጄ የደረሰኝ የመጀመሪያ እቁብ ነው» አለች። ወረቀቱን ወደ ኪሴ መለስኩት።

ዋንዛን የከተማ ልጅ በስሙ ብቻ ያውቀዋል። ለመጋዝና ለመላጊያ የሚመች፣ ጥሩ ቤት ዕቃ የሚወጣው እንጨት ነው። ብዙ ስለተቆረጠም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በመንግሥትና በክልል ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው ዛፎች አንዱ ነበር። እንግዲህ ይሄንን ነው «እንጣለው» ያልኩት!

ጣራ የሚያይ አናጢ

መጣሉ ከቀረ ቀለም ልቀባው አልኩ። እዚያው አንበሳሜ ወርጄ አንድ ቆርቆሮ ቫርኒሽና ብሩሽ ገዛሁ። ዛሬ ማታ ቀብቼ ነገ ጧት ባሕር ዳር ልገባ! እናቴ ግን ቀደም ብላ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ አናጢ አስጠርታ ነበር። ሰውዬው ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ረጅም ዘመን ሠርተው እርጅና ሲጫናቸው ወደ አገራቸው የተመለሱ ናቸው።

ገብተው ቡፌውን ያዩታል ብዬ ስጠብቅ ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ። አቡጀዴው ላይ የሻይ ቀለም ያለው ትልቅ ክብ አለ። «ይሄ ጣራ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉ።

«ጋሼ፣ እኔ እንኳ የጠራሁዎት ለቡፌው ነው።»

«አውቃለሁ። ቡፌው አልታመመም፤ የታመመው ጣራው ነው። ቫርኒሹን አስቀምጠው።»

ወጥተን ስናይ የቆርቆሮው ምስማሮች ጎማቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ አንዳንዱም ወልቋል። ዝናቡ በምስማሩ ቀዳዳ ገብቶ፣ ማገሩን ይዞ፣ በጭቃው ግድግዳ ወርዶ ከቡፌው ጀርባ ያርፋል። ቡፌው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ስለቆመ ነፋስ አያገኘውም። እግሩም ያረፈው በመሬቱ ላይ ነው። ባሕር ዳር አካባቢ ዝናቡ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በእነዚያ አራት ወራት ቡፌው ከላይም ከታችም ሲጠጣ ከርሟል ማለት ነው።

«እሺ፣ ጣራውን ዛሬ ብናሠራው ማታ አልቀባውም?» አልኩ። ችኮላዬ ገና አልወጣልኝም።

ጋሼ ሳቁ። «ጣና ላይ ታንኳ አይተህ የለ? ደንገሉ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ባለታንኳው ምን ያደርጋል? ከውሃ አውጥቶ ዳር ላይ ያደርቀዋል። እርጥቡን አንተ በቫርኒሽ ብትሸፍነው ውሃውን እቤት ቆለፍክበት ማለት ነው። ከውስጥ ይገፋና መልሶ ይላጥልሃል።»

ከዚያ የራሳቸውን ጉድ አጫወቱኝ። ቤታቸውን በመኪና ጭነው አገር የሚዞሩ ፈረንጆች አይታችኋል? አልጋው፣ ምድጃው፣ ቁም ሳጥኑ ሁሉ እመኪናው ውስጥ ነው። በአንድ ክረምት ከእነዚህ መኪኖች አንዷ ባሕር ዳር ላይ ጣራዋ አፈሰሰና የቁም ሳጥኑ በር ተበላሸ። አሠሪዎቹ ቸኩለዋል፤ ጋሼም ወጣት ነበሩ። በብርጭቆ ወረቀት ወረዱበት። ለካ ከላይ የሚያምረው እንጨት እንደ ወረቀት የሳሳ ልባጥ ኖሯል፤ ውስጡ ኮምፔንሳቶ ነው። «ሁለት ጊዜ ሳልመላለስበት ልባጡን በላሁት። ገንዘቤን አልተቀበልኩም» አሉ። የውሃው መግቢያም የተገኘው በኋላ ነው፤ በጣራው መስኮት ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። መኪና ይሁን ጎጆ፣ ነገሩ አንድ ነው።

ወደ ባሕር ዳር ልመለስ ስነሳ፣ «ዘጌ ስትሻገር ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ቀና ብለህ እያት» አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ በጀልባ ሄድኩ። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ የማየው ግን ሥዕሉን ብቻ ነበር። በዚያን ቀን ያየሁት ክዳኑን ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ክብ ናት። ሥዕሎቹ ያሉት በውስጠኛው፣ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው። በዙሪያው ሌላ ክብ አለ፤ ክዳኑም ከግድግዳው አልፎ ወጣ ብሎ ወርዷል። ዝናብና ፀሐይ ሥዕሉን በቀጥታ አያገኙትም። የጥንቶቹ ባለሙያዎች ከቀለሙ በፊት ክዳኑን አስበውበታል።

ሥራው በተራ

የችፑዱ ገንዘብ ለቆርቆሮ፣ ጎማ ላለው የጣራ ምስማርና ለሠራተኛ ዋለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በተራ ልንገራችሁ፤ እናንተም ቤት ይጠቅማል።

መጀመሪያ ማድረቅ። መሳቢያዎቹን አወጣን፣ በሮቹን ከፈትን፣ ቡፌውን ከግድግዳ አርቀን በጡብ ላይ አቆምነው። ፀሐይ ላይ ግን አላወጣነውም፤ እሳት አጠገብም አላስጠጋነውም። እንጨት ላዩ ቶሎ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ከቀረ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ጥላና ነፋስ በቂው ነው። ሦስት ሳምንት ፈጀ። እምቢ ያለው መሳቢያ በራሱ ጊዜ መንሸራተት ሲጀምር ጋሼ «አሁን ተሻለው» አሉ።

ሁለተኛ ሻጋታውን መጥረግ። አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ኮምጣጤ በነካ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና ማድረቅ ነው። ጨርቁ እርጥብ ይሁን እንጂ ውሃ አይንጠብጠብበት።

ሦስተኛ ቀለሙ ምን እንደሆነ ማወቅ። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ ጀርባ፣ ስፒሪቶ የነካ ጨርቅ አስነኩት። ከተጣበቀና ከሟሟ በስፒሪቶ የሚበጠበጠው ፖሊሽ ነው። ምንም ካልሆነ ቫርኒሽ ሳይሆን አይቀርም።

አራተኛ እድፉን መለየት። ነጩ ደመና ላዩ ላይ ነው፤ እርጥበቱ የቀረው ቀለሙ ውስጥ እንጂ እንጨቱ ውስጥ አይደለም። ጋሼ ስፒሪቶ እምብዛም ያልነካው ጨርቅ ወስደው ልክ አቧራ እንደሚያራግፉ ሁሉ ሽው ሽው አደረጉበት። ደመናው ዓይኔ እያየ ጠፋ! ትንሽ ከሆነ ደግሞ በወንፊት የተነፋ አመድ በዘይት ለውሶ በስሱ ማሸት ይበቃል። ጥቁሩ ግን ሌላ ነው። ውሃው እንጨቱ ድረስ ገብቶ ከብረቱ ምስማር ጋር የፈጠረው ነው። በማሸት አይወጣም። የሚያነጣው ኦክሳሊክ አሲድ መርዝ ስለሆነ ጓንትና ክፍት ቦታ ይፈልጋል። ለባለሙያ ተዉት።

አምስተኛ የተላጠውን ማስተካከል። የተላቀቀውን የጎን ልባጥ ኮላ አግብተን፣ ላስቲክ ጣል አድርገን፣ ድንጋይ ጫንበት። የጀርባውን ኮምፔንሳቶ ግን ቀየርነው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፦ መጀመሪያ 120 ቁጥር፣ ቀጥሎ 180፣ መጨረሻ 220። ሁልጊዜ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ! አቋርጣችሁ ከሄዳችሁ ጭረቱ ፖሊሽ ሲያገኝ ገሃድ ይወጣል። ልባጥ ከሆነ ደግሞ የጋሼን መኪና አስታውሱ፤ በቀጭኑ ወረቀት፣ በስሱ።

መጨረሻ ቅቡ። አንዴ ወፍራም ከመቀባት አራት ጊዜ ስስ ይሻላል፤ በየመሐሉ አድርቆ በ320 ቁጥር ዳሰስ ማድረግ ነው። ሰው የሚረሳው ሆዱንና ጀርባውን ነው። ጋሼ የእግሮቹን ሥር ሳይቀር ቀቡት። ያልተቀባ እንጨት እርጥበት የሚስበው በዚያ በኩል ነዋ! የተልባ ዘይት የምትጠቀሙ ካላችሁ ደግሞ የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትወርውሩ። ራሱን በራሱ አግሎ እሳት ያስነሳል። ውጪ ዘርግታችሁ አድርቁት።

ኮንዶሚኒየም ያላችሁም አትሳቁብን። የእቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ካቢኔት ችፑድ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ችፑድ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ ቢደርቅም ወደ ቦታው አይመለስም፤ መቀየር ነው። ስለዚህ ጠርዙ ሲያብጥ ሳይሆን ቧንቧው የመጀመሪያዋን ጠብታ ስትጥል ተነሱ።

በጥር ሠርጉ ሆነ። ቡፌው ያለ ዳንቴል ቆሞ ብርጭቆውን ደርድሯል። በአንዱ ምስማር ዙሪያ ያለው ጥቁር ግን አልወጣም። ጋሼ «በአሲድ ላንሳው?» ቢሏት እናቴ «ተዉት፣ የስኳሩን ዕቃ አስቀምጥበታለሁ» አለች። ከእንግዶቹ ማንም አላየውም።

እኔን ግን እስከ ዛሬ የሚቆጠቁጠኝ ሌላ ነው። ከባሕር ዳር አንበሳሜ ባሕር ተሻግሮ የሚኬድ አገር አይደለም። ያን ክረምት በየሳምንቱ እደውል ነበር። «ምን ልግዛልሽ?» እላለሁ፤ «ምንም አልፈልግ» ትለኛለች። እኔም ደስ ብሎኝ ስልኩን እዘጋለሁ። ከላይዋ እየፈሰሰባት ነበር።

አሁን አጠያየቄን ቀይሬያለሁ። ሰኔ ሲገባ «ዘነበ ወይ?» እላታለሁ። «ዘነበ፤ አልፈሰሰም» ትለኛለች። እናንተም ወላጆቻችሁ ቤት ስትሄዱ ቡናው እስኪቀዳ ቀና ብላችሁ ኮርኒሱን እዩ። ዳንቴሉንም ገለጥ አድርጉ።

ቸር ይግጠመን።