ወደብ በደረት ላይ

የካንሰር መድኃኒት ክንድ ይፈጃል። በደም ሥር የሚሰጠውን ማለቴ ነው። በየሦስት ሳምንቱ ሲወጋ የከረመ ሰው ደም ሥሩ እንደ ገመድ ይደርቃል፤ ከዚያ ይሰወራል። ነርሷ ክንዱን አስራ፣ ቸብ ቸብ አድርጋ፣ “እስቲ ጨብጥ!” እያለች ትፈልገዋለች። ቀዩን መድኃኒት ለሚወስዱት ደግሞ ሌላ ስጋት አለ፤ ከደም ሥር ሾልኮ ሥጋ ውስጥ ከፈሰሰ ያቆስላል።

ለዚህ የተገኘው መላ ፖርት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1982 በሐኪሞች መጽሔት ተጽፎለታል። ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ ስፋቱ ከአንድ ብር ሳንቲም የማይርቅ ዕቃ ነው፤ ቀጭን ቱቦው ልብ ደጃፍ ባለው ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ይገባል። ስሙን ስሰማ የመጣልኝ ወደብ ነው። ፈረንጆቹ በር ለማለት ፈልገው ይሆናል፤ የወደብ አልባ አገር ሰው ግን ሌላ ምን ያስባል!

የአክስቴ ልጅ ይህን ወደብ ይዛ የመጣችው ከጆሃንስበርግ ነው። የሐዲያና የከምባታ ልጅ ደቡብ አፍሪካ ሠርቶ ብር ሲልክ፣ ቤት ሲያሠራ ማየት ለሆሳዕናም ለዱራሜም ብርቅ አይደለም። እሷ ግን ባሏ ዘንድ በሄደች ጡቷን ታመመች፤ ሕክምናውን እዚያ ጀምራ ለመጨረስ ወደ እናቷ ተመለሰች። መድኃኒቱን አዲስ አበባ ትወስዳለች፤ መሐሉን ሆሳዕና ታሳልፋለች። ወደ 230 ኪሎ ሜትር ነው።

በያሆዴ ሰሞን ደከማት። ሰፈሯ ያለ አንድ ክሊኒክ የሦስት ቀን ግሉኮስ አዘዘላት፤ ነርሱ ክንዷን ፈልጎ ፈልጎ አጣ። “እዚህ ጋ መግቢያ አለኝ” አለችው። ደስ አለው። ጓንት የለ፣ ጭንብል የለ፤ በተራ መርፌ ወጋት። ፖርት የራሱ መርፌ አለው፤ የጎማ ክዳኑን ሳይቦረቡር የሚገባ። ያመጣቻቸው መርፌዎች አዲስ አበባ ወንድሟ ቤት ነበሩ። በሦስተኛው ቀን፣ ግሉኮሱ ገና ሳያልቅ፣ ጥርሷ ተንገጫገጨ።

ምርመራው ምን አለ? ምን ሊል! ወባና ታይፎይድ። በእኛ አገር ትኩሳት ከእነዚህ ከሁለቱ ብዙም አይርቅም።

የካንሰር መድኃኒት ነጭ የደም ሕዋሱን ያሳነሰበት ሰው ሲያተኩሰው ነገ የሚባል ነገር የለም። ፖርት ካለው ደግሞ መጠርጠር ያለበት ፖርቱ ነው። በእሱ በኩል ፈሳሽ ሲገባ የሚመጣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ጀርም ቱቦው ላይ ቤት ሠርቶ ከፈሳሹ ጋር ወደ ደም እየተጠረገ ለመሆኑ ዋና ምልክት ነው። ሌላም አለ። ክንድ ወይም አንገት ካበጠ ደም ረግቶ ይሆናል፤ መድኃኒቱ ሲገባ ደረት ካቃጠለ መርፌው ስቶ ወይም ቱቦው ተሰብሮ ይሆናል። ሳይነካ ከቆየም ይዘጋል፤ በየወሩ፣ አንዳንድ ቦታም በየሦስት ወሩ የሚታጠበው ለዚህ ነው።

ነርሱን አልወቅስም፤ ማን አሳየው? ሲሸኟት የሰጧት ካርድ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቦርሳዋ ውስጥ ተኝቷል። አዲስ አበባ የሚከታተላት ሐኪም ስልክ ቁጥሩን ጀርባው ላይ ቢጽፍላት፣ ነርሱም ሳይወጋ በፊት ቢደውል፣ ምን ነበረበት?

አዲስ አበባ እንደደረሰች ከክንዷም ከፖርቱም ደም ተወስዶ ታየ። ፖርቱ ወጣ፤ ሁለት ሳምንት አንቲባዮቲክ ወሰደች፤ ተረፈች። አክስቴ ያን ዕቃ ዛሬም “ጠላት” ነው የሚሉት። ሁለት ዙር መድኃኒት ግን ቀርቷታል፤ መግቢያው እንደገና ክንድ ሆነ። አምስት ጊዜ ተወግታ የተመለሰች ዕለት ደወለችልኝ።

“ጋሼ፣ ሌላ ፖርት ከየት ይገኛል? መርፌዎቹ እንደሆኑ አሉኝ።”